ማስተካከያ፦ ኤምአርአይ ራጅ አይደለም፤ ሐሳብም አያነብም

ባለፈው ሳምንት ተመራማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሰውን አንጎል በምስል እንዴት እንደሚያጠኑ ስጽፍ ሁለት ስህተት ሠርቻለሁ። አንዱን የነገረኝ ደብረ ማርቆስ ያለ የራጅ ባለሙያ ወዳጄ ነው፤ እየሳቀ ነው የነገረኝ።

የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳየውን ማሽን፣ ኤምአርአይን፣ «ኃይለኛ ጨረር ያለው ራጅ» ብዬው ነበር። ጎጂው ጨረር ያለው ራጅና ሲቲ ስካን ላይ ነው። ኤምአርአይ የሚሠራው በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ነው። ለአንጎል ጥናት የተለመደው ባለ 3 ቴስላው (ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) ማሽን ከምድር ማግኔት 60,000 እጥፍ ገደማ ይበረታል። ስለዚህ የሚያሰጋው ብረት ነው፤ ቁልፉም፣ ማተብ ላይ ያለው መስቀልም በር ላይ ይቀራል። አንገታቸውን የተነቀሱ እናቶቻችንም አስቀድመው ቢናገሩ ደግ ነው፤ ብረት ያለበት የንቅሳት ቀለም አልፎ አልፎ ሊሞቅ ይችላል።

ሁለተኛው ይብሳል። «ማሽኑ ሐሳብን በቀጥታ ያያል» ብያለሁ። አያይም። ጃፓናዊው ተመራማሪ ሴጂ ኦጋዋና ባልደረቦቹ በ1990 (እ.ኤ.አ.) ባሳዩት መንገድ የሚለካው በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን ለውጥ ነው። አንድ የአንጎል ክፍል ሥራ ሲበዛበት ብዙ ደም ይሄድለታል፤ ምልክቱ ጎልቶ የሚታየው ግን ከ5 ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው። ከጎጆው ጭስ ሲወጣ ምጣድ መጣዱን እንገምታለን፤ እንጀራው የጤፍ ይሁን የዳጉሳ ግን ጭሱ አይነግረንም። ምስሉ ላይ የምናየው ቀይና ቢጫም ኮምፒውተር ከስሌት በኋላ የሚቀባው እንጂ የአንጎል ብርሃን አይደለም።

የቀድሞው ጽሑፍ በዚሁ መሠረት ታርሟል።