እስቲ ለካባው አጨብጭቡለት

እንደ እኛ ሙዚቃን የሚያከብር ሕዝብ ከየት ይመጣል? የሐዋሳ ሐይቅ ዳር አዳራሾች ይመስክሩ። ለሙዚቃ ባለውለታዎች ሽልማት አለ በተባለ ቁጥር ካባው፣ ዋንጫው፣ በፍሬም የገባው የምስክር ወረቀት፣ ባነሩ፣ ሁሉም ተሟልቶ ይገኛል። ሙዚቃው ብቻ ከፍላሽ ይመጣል።

ጥሪው ለ3 ሰዓት ነው። የክብር እንግዳው 5 ሰዓት ተኩል ላይ ከች ይላሉ። ከዚያ ንግግር። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የአገር ኩራት መሆኑ ይወሳል። ዓለሙ አጋ በገና ያስተማሩበት ቤት ነው ብሎ ለመጨመር ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ግን የስፖንሰሮች ዝርዝር ረጅም ነው፤ ይሉኝታም አለ። ስለ ቅኝቶቻችንም ይነሳል፤ «ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና ሌሎችም» ይላሉ። ሌሎችም የተባለችው አንቺሆዬ ናት፤ ብቻዋን።

መድረኩ ጥግ ላይ ፒያኖ አለ። አለ ነው እንግዲህ። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ደርቦ፣ የፕላስቲክ አበባና የታሸገ ውሃ ተሸክሞ ቆሟል። ከሁሉም ቀድሞ ካባ የለበሰው እሱ ነው። ክዳኑን ከፍቶ የሚያስቸግረው ሰው የለም፤ ክብር ማለት ይሄ ነው።

ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣ በገና ደርዳሪም ተጋብዟል። ሁለት ደቂቃ ተፈቅዶለታል። በገና 10 አውታር አለው፤ መቃኘቱ ብቻ ከዚያ ይበልጣል። አስተናባሪዋ ጠጋ ብላ፣ «ወንድሜ፣ ትንሽ ሞቅ ያለ ነገር የለህም?» ትለዋለች። በበገና! እሷ ምን ታድርግ፣ ዓሣ ጉላሹ እየቀዘቀዘ ነው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ መደርደር ሲጀምር ከኋላ በኩል የሹካና የሳህን ድምፅ ይቀበለዋል።

ቅዱስ ያሬድ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ ከመመሰጣቸው ብዛት በጦራቸው እግሩን ወጉት፤ ደሙ እስኪፈስ ሁለቱም አላወቁም ይባላል። እንዲህ ያለው አደጋ በእኛ ዘመን ፈጽሞ ተወግዷል፤ ይመስገነው። የክብር እንግዳችን ጦር አይዙም። የሚይዙት ስልክ ነው፤ እሱንም ጆሯቸው ላይ። «አቤት፣ ስብሰባ ላይ ነኝ» ሲሉ ከበገናው በላይ ይሰማል።

ደርዳሪው ሁለት እግሩ ደህና እንደሆነ ከመድረክ ይወርዳል። ካባ አልደረሰውም። ስፖንሰሮቹ ጋ አልቋል።