ትሉ ከንቅለ ተከላው በፊት ይታከም

በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ያህል ከኩላሊት እጥበት ማሽን ጋር ተያይዞ የሚቆይ ሕመምተኛ ክንዱን እስኪደማ ሲያክ ብዙ ጊዜ የምንለው «ያልተጣራው ቆሻሻ ነው፤ እጥበቱ ሲስተካከል ይተውሃል» ነው። አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነን። የደም ምርመራው ኢኦሲኖፊል የተባለው ነጭ የደም ሴል መብዛቱን ሲያሳይም ምክንያቱን ለእጥበቱ እንሰጣለን። ሆኖም በባዶ እግሩ እርሻ ላይ ላደገ ሰው ሁለቱም የስትሮንጊሎይድስ፣ ከአፈር በቆዳ በኩል የሚገባው የአንጀት ትል፣ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ።

ይህ ትል እዚያው ሰውነት ውስጥ ስለሚራባ፣ ሰውየው ገጠሩን ከለቀቀ ከብዙ ዓመታት በኋላም አብሮት ይኖራል። አደጋው የሚከፋው ወንድሙ ወይም እናቱ ኩላሊት ሰጥተውት፣ ሰውነቱ የተተከለለትን እንዳይቃወም የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚያዳክመውን ፕሬድኒሶሎን ሲጀምር ነው፤ ያን ጊዜ እጮቹ አንጀቱን በስተው ባክቴሪያ ይዘው ወደ ደምና ወደ ሳንባ ይሠራጫሉ፣ ብዙዎችም ከዚህ አይተርፉም። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ ከተጀመረበት ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ተስፋው ወደ አገር ቤት ቀርቧል። ቤተሰብ ያለውን ሸጦ ለዚያ ቀን ያደረሰውን ሰው በጥቂት ክኒን በሚድን ትል ማጣት የለብንም።

አንድ ጊዜ ተመርምሮ «ምንም አልታየም» የተባለ ሰገራ አያስተማምንም፤ እጮቹ ጥቂት ናቸው፣ በየቀኑም አይወጡም። ስለዚህ በተለያዩ ቀናት ደጋግሞ መመርመር ያስፈልጋል።

ሌላው እንቅፋት «ኩላሊት ለሌለው ሰው መድኃኒት መርዝ ነው» የሚለው ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ለብዙ መድኃኒቶች ተገቢ ቢሆንም ለሁሉም አይሠራም። ይህን ትል የምናክምበት አይቨርሜክቲን ከሰውነት የሚወገደው በጉበት በኩል ነው፤ እጥበቱም አያወጣውም፤ ስለዚህ በኪሎ 200 ማይክሮግራም የሚለው የተለመደው መጠን አይቀነስም። በአንጻሩ ለአሜባና ለጃርዲያ የምንሰጠውን ሜትሮኒዳዞል ማሽኑ ከደም ያጥበዋል፤ ታካሚው ተራውን ሲጠብቅ የዋጠው ክኒን ሥራውን ሳይጨርስ ይወጣል። «ከእጥበት በኋላ ውሰድ» የሚለው ቃል ማዘዣው ላይ መጻፍ አለበት።

ምርመራው እጥበት ሲጀመር ይደረግ፤ ትሉ ከተለገሰው ኩላሊት ጋር ሊተላለፍ ስለሚችልም ለጋሹ አይዘለል። አይቨርሜክቲን ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ቆዳንና ዓይንን የሚጎዳውን የኦንኮሰርካ ትል በሽታ ለማጥፋት በጅማና በኢሉባቦር ቀበሌዎች በነፃ ሲታደል ኖሯል። በየእጥበት ማዕከሉ መድኃኒት ቤትም ሊገኝ ይገባል።