እስቲ ምን እያሰብኩ ነው?

ቡናው ቀርቦ፣ ፈንዲሻው ተበትኖ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት አንዲት ተማሪ «ሳይኮሎጂ ነው የማጠናው» ካለች ቀጥሎ የሚመጣውን ለመተንበይ ዲግሪ አያስፈልግም። አጎት ስኒያቸውን ያስቀምጡና ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው «እስቲ አሁን ምን እያሰብኩ ነው?» ይላሉ። አክስት «ውይ ልጄን! አማኑኤል ልትሠሪ ነዋ!» ብለው ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ጎረቤት ደግሞ ወንበሯን ፈቀቅ አድርጋ «እንግዲህ ካንቺ ፊት መጠንቀቅ ነው» ትላለች። በዓል በመጣ ቁጥር ይኸው ነው። ደግሞ ሁሉም እንደ አዲስ ቀልድ ነው የሚናገሩት።

የአክስትን ቶሎ እንለፈው። በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ የያዘች ልጅ ፓራሲታሞል እንኳ አታዝም። ሳይካትሪስት የሚባለው አስቀድሞ ሕክምና የተማረ ሐኪም ነው፤ ሌላ መንገድ፣ ሌላ ዓመታት። የጎረቤት ስጋትም ከንቱ ነው፤ ልጅቷ ሐሳብ ማንበብ ብትችል መጀመሪያ የምታነበው የስታቲስቲክስ መምህሯን ነበር። እርግጥ አብኖርማል ሳይኮሎጂ (ስለ አእምሮ ሕመሞች የሚያስተምረው ኮርስ) የሚወሰድበት ሴሚስተር ላይ ጎረቤት መጠንቀቋ አይከፋም። ያኔ ዶርም ውስጥ ጤነኛ ሰው አይገኝም። አልጋዋን ሁለቴ ያነጠፈች ኦሲዲ (አንድን ነገር ደጋግሞ የማድረግ ሕመም)፣ ጠዋት ስቃ ማታ ያኮረፈች ባይፖላር (ስሜት ከጽንፍ ጽንፍ የሚዋዥቅበት ሕመም) ትባላለች። የአእምሮ ሕመም መለያው መጽሐፍ ግን የባይፖላሩ ማኒያ፣ ማለትም ከልክ ያለፈው የመፈንጠዝ ስሜት፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቆይ ይላል፤ ለከባድ ድብርትም ከ9 ምልክቶች 5ቱ ለ2 ሳምንት መታየት አለባቸው፣ ከእነሱም አንዱ የግድ የከፋ ስሜት ወይም ለነገር ሁሉ ፍላጎት ማጣት መሆን አለበት። ምልክቶቹን ሁሉም ይሸመድዳል፤ የቀኑን ቁጥር የሚያስታውስ የለም።

አጎትን ግን እንዲህ በቀላሉ አንለቃቸውም። መልስ ከፈለጉ መልስ አለ። ድምፅን ዝግ አድርጎ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያዩ፣ እንዲህ ማለት ነው፦ «ለሰው ያዝናሉ፤ ሰው ግን የእርስዎን ያህል አላዘነልዎትም። ከላይ ሲታዩ ጠንካራ ነዎት፤ ውስጥዎ ግን ቶሎ ይከፋዋል። ጀምረውት ያልጨረሱት ጉዳይ አለ። ብዙ ነገር ያውቃሉ፣ ለሁሉ ግን አይናገሩትም።» አጎት ስኒውን ረስተው «ማን ነገረሽ?» ይላሉ። ማንም አልነገራትም። በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር እ.ኤ.አ. በ1948 ለ39 ተማሪዎቹ የጠባይ ፈተና ሰጣቸውና ከሳምንት በኋላ «ይኸው የየግል ውጤታችሁ» ብሎ ወረቀት አደላቸው። ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 እንዲያርሙት ሲጠይቃቸው አማካዩ 4.26 ሆነ። ለካ የሁሉም ወረቀት አንድ ዓይነት ነው፤ 13 ዓረፍተ ነገር፣ አብዛኛው ጋዜጣ መሸጫ ላይ ከሚገኝ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የተለቀመ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ውዳሴው ከወቀሳው ይብዛ፣ ዓረፍተ ነገሩ በሁለት በኩል ይሳል፣ «አንዳንድ ጊዜ» የምትለዋ ቃል አትጥፋ።

በዚህ አሠራር እንጀራ የሚበሉ አሉ፤ እዚህ ላይ አሮጌው ቂሜ ይነሳል። የሆቴል አዳራሽ ተከራይተው፣ ጆሮ ላይ የሚንጠለጠለውን ማይክ አድርገው፣ «የሰው ልጅ ከአእምሮው የሚጠቀመው 10 በመቶውን ብቻ ነው!» የሚሉትን ማለቴ ነው። አዳራሹ ያጨበጭባል። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ ከጉልበታችን 20 በመቶ ገደማውን የሚበላ ፍጥረት ነው። ዘጠና በመቶው ሥራ ፈት ከሆነ ይህን ሁሉ ቀለብ ማን ሲሰፍርለት ኖረ? ቀጥሎ የሰውን ፍላጎት በደረጃ የሚደረድረው የማስሎው ፒራሚድ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። የሥነ ልቦና ሊቁ ማስሎው እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ ፒራሚድ የሚባል ስዕል የለም፤ በኋላ የሳሉት ሌሎች ናቸው። አሰልጣኙ ይህን አልሰማም ማለት ይከብዳል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሰዎች ከፍለው መግባታቸው አያበሽቅም፤ ገንዘቡ የራሳቸው ነው። የሚያበሽቀው ሌላ ነው። አራት ዓመት ተምራ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመጣው የመውጫ ፈተና ላይ 50 በመቶዋን ይዛ የተመረቀችው ልጅ «እንደ ናሙናው ይወሰናል፤ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም» ስትል ማንም አያጨበጭብላትም። ይባስ ብሎ «ታዲያ ምን ተማርሽ?» ትባላለች።

ምን ተማረች? መጠርጠር። አባቶች «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» ሲሉ የሪሰርች ሜቶድስን ኮርስ በአንድ ትንፋሽ ጨርሰውታል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውም አለ፤ እሱ ግን ያስፈራራል፣ የገንፎው ቢያንስ ያበላል። የተረቱ ብልሃት ገንፎን መምረጡ ነው። ጥሬ ቢሆን ለቅሞ መብላት ያለ ነው፤ ገንፎ ግን ሳይታኘክ የሚዋጥ ነገር ነው፣ ስንጥሩም ጉሮሮ ላይ የሚታወቀው ለዚህ ነው።

በዚህ ሙያ ገንፎው መጠይቅ ነው። የመመረቂያ ጥናት የደረሰባት ልጅ 1,200 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት መረጠች እንበል። ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለባት በሚያሰላው የያማኔ ቀመር፣ የስህተቱን ልክ 0.05 ስታደርገው፣ 1,200 ለ4 ተካፍሎ 300 ሰው ይወጣል። የሚጠፋ አይጠፋምና 10 በመቶ ጨምራ 330 ታደርገዋለች። መጠይቁ ባለ 4 ገጽ ከሆነ 1,320 ገጽ ኮፒ ነው፤ ፊትና ጀርባ ቢታተም 660 ወረቀት። ከዚያ በፊት 30 ሰው ላይ መሞከር አለባት፤ የጥያቄዎቹን እርስ በርስ መስማማት የሚለካው የክሮንባህ አልፋ 0.70 ካልሞላ ጥያቄዎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ አይጎትቱም ማለት ነውና ተመልሶ ማረም ነው።

ከዚያ ይሉኝታ ይመጣል። «ወላጆቼን እታዘዛለሁ።» በጣም እስማማለሁ። «ፈተና ላይ ኮርጄ አላውቅም።» በጣም እስማማለሁ። «በሕይወቴ አንድም ቀን ዋሽቼ አላውቅም።» በጣም እስማማለሁ! ይቺ የመጨረሻዋ ሆን ተብላ የገባች ወጥመድ ናት፤ ግማሽ ክፍል ሰተት ብሎ ይገባባታል። መልስ ሰጪው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እንግዳ ወረቀት ይዛ መጥታ ለምናዋለች፣ «አልስማማም» ብሎ እንዴት ያስቀይማት? ለዚህ ነው አንዳንድ ጥያቄ ተገልብጦ የሚጻፈው። «ዋጋ ያለኝ ሰው ነኝ» በሚለው አጠገብ «ምንም የማልጠቅም ነኝ» የሚል ይቀመጣል፤ በሁለቱም በጣም የተስማማ ሰው አላነበበም። ተማሪዋም መገልበጧን ከረሳች ዕዳው የሷ ነው። ባለ 5 ነጥብ መለኪያ ላይ የተገለበጠውን ከ6 መቀነስ አለባት፤ 5 የነበረው 1፣ 4 የነበረው 2 ይሆናል። ይህን ካላደረገች አልፋው ቁልቁል ይወርዳል፣ ሲብስም ከዜሮ በታች ይገባል፣ እሷም ቁጥሩን የሚተነትንላት ፕሮግራም፣ ኤስፒኤስኤስ፣ ተበላሸ ብላ ኮምፒውተሩን ታጠፋለች። በ5 ፈንታ 55 ጽፋ እንደሆነም አማካዩ ወዴት እንደሚሄድ አይጠየቅ። ስለዚህ ከምንም በፊት ትንሹንና ትልቁን ቁጥር ማውጣት፤ ከ1 እስከ 5 ባለው መለኪያ ላይ 55 ከታየ ስንጥሩ ተገኘ።

ይህን ሁሉ የማይፈልግ ደግሞ ግቢው በር ላይ ያለውን የመብራት ምሰሶ ያነባል፦ «ሪሰርች እንሠራለን፣ ዳታ እንተነትናለን።» እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅር። ይህ ገበያ በአደባባይ የቆመ፣ ስልክ ቁጥሩን የለጠፈ ሌብነት ነው። መጠይቁ ሳይበተን ውጤቱ ይመጣል፤ ቁጥሮቹ ያማሩ ናቸው፣ ምክንያቱም ሰው አልነካቸውም። ከአንዱ ወደ አንዱ ሲገለበጥ ርዕሱ የደሴ ሆኖ ምዕራፍ ሦስት ላይ የአዳማ ተማሪዎች ብቅ ይላሉ። ምስጋናው ገጽ ላይ የሌላ ሰው እናት ይመሰገናሉ። ከዚያ ሁለቱም፣ የለፋችውም የገዛውም፣ አንድ ዓይነት ጋዋን ለብሰው ፎቶ ይነሳሉ።

አጎት ግን እስካሁን እየጠበቁ ነው። አቦሉ አልቆ ቶናው ስለዘገየ የሚያስቡትን መገመት አይከብድም፤ ሌላውን ለማወቅ ሙያው ያለው ዘዴ መጠየቅ ነው፣ እሱም ቢሆን መልሱን እየጠረጠሩ። ስለዚህ ልጅቷ በአራተኛ ዓመቷ ወረቀት ይዛ ስትመጣ ስም እንዳይጽፉባት፤ ዕድሜንና የትምህርት ደረጃን እንዳይዘሏቸው፤ በአንድ ጥያቄ ላይ ሁለት ቦታ ምልክት እንዳያደርጉ። ደግሞ ከመመለሳቸው በፊት ወረቀቱን ገልበጥ ያድርጉት፤ ከጀርባም ጥያቄ አለ።