ሥራውን ያጣ ሠራተኛ ምክንያቱን ለምን ያስመረምር?

ከውጭ በሚገባ ዕቃ ተገፍተው በሚዘጉ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ይሠሩ የነበሩትን ይደግፍ የነበረው የንግድ ማስተካከያ ድጋፍ፣ በአጭሩ ቲ.ኤ.ኤ.፣ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ አዲስ የሠራተኛ ቡድን አያጸድቅም። ኮንግረስ ዕድሜውን ሳያራዝምለት ቀረ። ይመለስ የሚሉ አሉ፤ እኛም ይመለስ እንላለን። ግን የመግቢያው በር፣ ማለትም የምክንያቱ ምርመራ፣ እንደነበረው ከሆነ ባይደክሙ ይሻላል።

ቲ.ኤ.ኤ. ሠራተኛውን «ሥራህን አጥተሃል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም ነበር። «ያሳጣህ ምንድን ነው?» ነበር የሚለው። ከውጭ የገባ ዕቃ ወይም የምርቱ ወደ ውጭ መዛወር ከሆነ ያልፍ ነበር፤ አዲስ ማሽን ወይም የአለቆች ድክመት ከሆነ አያልፍም ነበር። ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ፋብሪካዎች በአንድ ሳምንት ቢዘጉ፣ የአንዱ ሠራተኛ የሥራ አጥ አበሉን ጨምሮ እስከ 130 ሳምንት ገንዘብና የሥልጠና ወጪ ሊያገኝ ይችል ነበር። የማዶው በአብዛኛው ግዛት 26 ሳምንት አበል ይቀበልና በዚያው ያበቃል። የቤት ኪራይ ግን ለሁለቱም በወር በወሩ ይመጣል።

ይህ ጣጣ አብሮት የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በኬኔዲ ዘመን ሲጀመር፣ ለሥራው መጥፋት ዋናው ምክንያት ገቢ ዕቃ መሆኑ፣ ዕቃው የበዛውም መንግሥት ቀረጥ ስለቀነሰ መሆኑ መረጋገጥ ነበረበት። እስከ 1969 መገባደጃ አንድም ሠራተኛ አላለፈም። የሠራተኛ ማኅበራት «የቀብር መድን» ብለው ቢሳለቁበት አይፈረድባቸውም። የ1974ቱ ሕግ የቀረጡን ቅድመ ሁኔታ አንስቶ «ዋናው ምክንያት» የሚለውን ወደ «ጉልህ አስተዋጽኦ» ዝቅ አደረገው።

ማመልከቻውን ሦስት ሠራተኞች፣ ማኅበራቸው፣ አሠሪው ወይም የግዛቱ ሥራ አገናኝ ቢሮ ማቅረብ ይችሉ ነበር፤ ከስንብቱ አንድ ዓመት ሳይሞላ። ሌበር ዲፓርትመንት፣ የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር፣ በ40 ቀን መወሰን ነበረበት። መርማሪው ለኩባንያው መጠይቅ ይልክ ነበር፦ ምርትህ ስንት ነበር፣ ሽያጭህ ስንት ነው፣ አንተ ራስህ ከውጭ ያስገባኸው ስንት ነው? ይህ ካልበቃ ደንበኞቹን ከእሱ መግዛት ትተው ከውጭ ገዝተው እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። እንግዲህ የሠራተኛው ዕጣ የተንጠለጠለው እሱ በማያየው ወረቀት ላይ ነበር፤ ወረቀቱን የሚሞላው ደግሞ ያሰናበተው ድርጅት ነበር። የተዘጋ ፋብሪካ የሒሳብ ሹም አስቀድሞ ሄዶ ከሆነ፣ ወይም በደፈናው «ትእዛዝ ስለቀነሰ» ብሎ ከመለሰ፣ ጉዳዩ እዚያው ሊሞት ይችል ነበር።

ማመልከቻው ላይ ቡድኑ የሚገለጽበት መንገድም ያሰናክል ነበር። «የስፌት ክፍል» ተብሎ ከተጻፈ ማሸጊያውና መጋዘኑ ውጭ ሊቀር ይችል ነበር። በኤጀንሲ ተቀጥረው እዚያው ግቢ የሚሠሩትማ ካልተነሱ ማን ያስታውሳቸዋል? በኤጀንሲ በኩል ፋብሪካ የሚገባ የሐበሻ ልጅ፣ ፕሮግራሙ ከተመለሰ፣ ይህችን ነጥብ ቢይዝ ጥሩ ነው።

ከጸደቀም በኋላ ሌላ ሰዓት ይቆጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015ቱ ሕግ ሠራተኛው ከተሰናበተበት ወይም ቡድኑ ከጸደቀበት ቀን፣ ከሁለቱ ከኋለኛው ጀምሮ፣ በ26 ሳምንት ውስጥ ሥልጠና ካልተመዘገበ ወይም ከግዴታው ነጻ የሚያደርግ ፈቃድ ካልያዘ ሳምንታዊ ክፍያውን ያጣ ነበር። በየካቲት መጨረሻ ላይ የወጣ ሰው ቀነ ገደቡ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይወድቅ ነበር፤ የኮሌጁ የመጸው ምዝገባ ሳምንት ባለፈው ቁጥር መንገዱ ይጠብ ነበር። እንግሊዝኛ መማር ራሱ እንደ ሥልጠና ሊጸድቅ እንደሚችል ደግሞ ጠይቆ ያልተነገረው አያውቅም ነበር።

ከፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ አትርፉ ብንባል የደመወዝ መድኑን እንመርጣለን። ዕድሜው 50 የሞላ ሠራተኛ በዓመት ከ50 ሺህ ዶላር የማይበልጥ አዲስ ሥራ ከያዘ፣ የድሮና የአዲስ ደመወዙን ልዩነት ግማሽ እስከ ሁለት ዓመት ያገኝ ነበር፤ ጣሪያው 10 ሺህ ዶላር። በሰዓት 22 ዶላር ያገኝ የነበረ ሰው 16 ዶላር ቢያገኝ በ40 ሰዓት ሳምንት 240 ዶላር ይጎድልበታል። መድኑ 120 ይሞላለታል፤ በ84ኛው ሳምንት ገደማ ጣሪያውን ይነካል። ተመራማሪዎቹ ሃይማን፣ ኮቫክና ላይቭ 50 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸውንና ጥቂት ያለፋቸውን አነጻጽረው፣ መድኑ ሰዎችን ቶሎ ወደ ሥራ እንደሚመልስና ወጪውን ራሱ እንደሚሸፍን አሳይተዋል። እንግዲህ 49 ዓመት የሆነው ሰው ምን አጠፋ?

የእኛ ሐሳብ ቀላል ነው፦ የምክንያት ምርመራው ይቅር፤ ፋብሪካው መዘጋቱ ወይም ሠራተኛ መቀነሱ ይበቃል። ወጪው ይበዛል ይባላል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ኦተር፣ ዶርንና ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ግን የቻይና ዕቃ በብርቱ በመታቸው አካባቢዎች የአካል ጉዳት አበል ከቲ.ኤ.ኤ. ክፍያ ብዙ እጥፍ ጨምሯል። መንግሥት እየከፈለ ነው፤ የሚከፍለው ግን ሰውየው ወደ ሥራ እንዳይመለስ በሚያስረው መንገድ ነው።

ኢትዮጵያም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በ38 ዓይነት ዕቃዎች ላይ የነበረውን የማስገባት ገደብ አንስታለች፤ የጫማውም የሳሙናውም ፋብሪካ ከገቢ ዕቃ ጋር ይጋፈጣል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ሰባት ዓመት ሠርቶ በቅነሳ የሚወጣ ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለቀሩት ስድስቱ ለእያንዳንዳቸው የ10 ቀን፣ በቅነሳ በመውጣቱ ተጨማሪ 60 ቀን፣ በድምሩ የ150 ቀን ደመወዝ ይሰላለታል። ከፋዩ አሠሪው ነው፤ ያውም እየከሰረ ያለው አሠሪ። ከ150 ቀኑ ወዲያ የሥራ አጥ አበል የሚባል ነገር የለም።