ጠንካራው ጫማ ለተወዳዳሪ ብቻ አይደለም

ስለ ስኖውቦርድ (በአንድ ሰሌዳ ላይ ቆሞ በበረዶ ላይ ስለ መንሸራተት) የወጣውን ጽሑፍ በደስታ አነበብሁት። ሆኖም «ስኖውቦርድን በጠንካራ ጫማ መንዳት ከተወዳዳሪዎች በቀር ለማንም አይጠቅምም» የሚለውን አልቀበልም። እኔ ተወዳድሬ አላውቅም፤ በየክረምቱ በኦስትሪያ ተራሮች ላይ የምወርደው ግን በዚሁ ጫማ ነው።

ጸሐፊው ያለፉት ዋና ነገር አለ። በጠንካራ ጫማ የሚነዳው ሰሌዳ ጠባብ ነው። እግር አግድም ከቆመበት ጣትና ተረከዝ ከጠርዙ ተርፈው ይወጣሉ፤ ሰሌዳው በኃይል ሲያጋድል በረዶውን ይነኩና ጠርዙን ከያዘበት ያስለቅቁታል። መውደቅ ነው! ስለዚህ ጫማውን ከሰሌዳው ጋር የሚያያይዙት ማሰሪያዎች ወደ ፊት ይዞራሉ፤ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 65 ዲግሪ። በዚህ አቋቋም ለስላሳ ጫማ ቁርጭምጭሚትን በቂ ድጋፍ አይሰጠውም፤ ጠንካራው ፕላስቲክ ግን የጉልበትን ትንሽ እንቅስቃሴ እንኳ ወደ ጠርዙ ያደርሳል። ማለዳ፣ መኪናው በረዶውን ደልድሎ እንደሄደ፣ ወርዳችሁ ወደ ኋላ ብትመለከቱ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ምልክት ታያላችሁ። ሰሌዳው ወደ ጎን አልተንሸራተተም፤ በረዶውን ቆርጦ ታጥፏል። ለዚያች መስመር ስል ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት እነሣለሁ።

ቼካዊቷ ኤስተር ሌዴትስካ እ.ኤ.አ. በ2018 በፒዮንግቻንግ ኦሎምፒክ በስኪ ሱፐር ጂም (በሁለት ሰሌዳ የሚወረድ የፍጥነት ውድድር)፣ በስኖውቦርድ ትይዩ ጃይንት ስላሎምም (ሁለት ተወዳዳሪዎች ጎን ለጎን እየታጠፉ የሚወርዱበት) ወርቅ ስትወስድ ብዙዎች ተአምር አሉት። ታላቅ ሥራ ነው። እኔ ግን በሁለቱም ውስጥ ያየሁት ያንኑ በጠርዝ የመተማመን ጥበብ ነው።

ጸሐፊውን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ብዙ የኪራይ ሱቆች ይህን ጫማና ሰሌዳ አያቀርቡም። ጀማሪ የት ይሞክረው? እስቲ በዚህ ላይ ይጻፉልን።