የኬሪ ሰምና ወርቅ

አየርላንድ ውስጥ፣ ኬሪ በሚባል አውራጃ፣ ከሰው ላም በሚበዛበት አጥቢያ ቤት ተከራይቼ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ናቸው። ሰባን ዘለቅ ብለዋል። እዚህ አገር ትልቁም ትንሹም በባዶ ስሙ ነው የሚጠራው። እኔ ግን አባቴን የሚያህሉ ሰው «አንተ እከሌ» ልል ስሞክር ምላሴ ይተሳሰራል። ስለዚህ በልቤ ጋሼ ብያቸዋለሁ። እናንተም ጋሼ በሏቸው።

«ከኢትዮጵያ ነህ አሉ» አሉኝ።

«አዎ።»

«የኃይሌ አገር።»

«አዎ።»

በሬ ሊገዛ ገበያ እንደወጣ ገበሬ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ባቴ ላይ ትንሽ ቆዩ። «ማክሰኞ ማታ ልምምድ አለ» ብለውኝ ሄዱ።

እኔ በዕድሜዬ የሮጥኩት ታክሲ ለመያዝ ብቻ ነው። አብዛኛውንም አልያዝኩትም። ግን አገር የሚያስጠራ ነገር መጣና ይሉኝታ ያዘኝ። ሄድኩ።

ልምምዱ የጌሊክ እግር ኳስ ነው፤ የአየርላንዶች የራሳቸው ጨዋታ። ስሙ እግር ኳስ ይሁን እንጂ እጅም ይሠራል። በየወገኑ 15 ሰው ይሰለፋል። የጎሉ ቋሚዎች አግዳሚው ላይ አይቆሙም፣ ወደ ሰማይ ይቀጥላሉ። መረብ ውስጥ ካገባህ ሦስት ነጥብ፣ ከአግዳሚው በላይ ካሳለፍክ አንድ ነጥብ። ኳሷን ይዘህ ከአራት እርምጃ በላይ መሄድ አይፈቀድም። ወይ መሬት ታነጥራታለህ፣ ወይ እግርህ ላይ ጥለህ ወደ እጅህ ትመልሳታለህ። ሁለቴ አከታትለህ ማንጠር ክልክል ነው። መሬት ላይ ያለችን ኳስ በእጅ ብድግ ማድረግም ክልክል ነው፤ መጀመሪያ በእግርህ ጫፍ ማንሳት አለብህ። ይህን ሁሉ እየሮጥክ ነው። አንዱ ጎረምሳ ደግሞ ጎንህን በትከሻው እየገፋህ።

እኔ እግሬ ላይ የጣልኳት ኳስ ወደ እጄ አልተመለሰችም። ወደ አፍንጫዬ ነው የመጣችው። ሁለተኛዋ ከጎሉ ኋላ ሳማ ውስጥ ገባች፤ ላወጣት ገባሁ። ሳማ እዚህም ሳማ ነው። አሰልጣኙ እጄን እያከክሁ ስወጣ ትከሻዬን መታ አደረገኝና «የራ፣ ግሩም ነህ!» አለኝ። «አንድ ነገር ብቻ ጎድሎን ነበር። ውሃ የሚያቀብል ሰው።»

ሹመቴ በዚህ ሁኔታ ጸደቀ።

ይቺን «የራ» የምትባል ቃል የኬሪ ሰው ከንግግሩ ሁሉ ፊት ያስቀድማታል። ትርጉሟን ብጠይቅ ብጠይቅ የሚያስረዳኝ ጠፋ። በኋላ ራሴ ደረስኩባት። የእኛዋ «ኧረ» ናት። «ኧረ ምን አቅም አለን!» የምንለዋ። ኬሪ የመላው አየርላንድን ዋንጫ፣ ሳም ማጓየር የሚሉትን፣ 39 ጊዜ ወስዳለች። 39ኛውን በ2025 ዶኒጎልን አሸንፋ ነው። እንደሷ የወሰደ አውራጃ የለም። ሆኖም የኬሪን ሰው ከጨዋታ በፊት ብትጠይቁት ለቅሶ የመጣ ነው የሚመስለው። «የራ፣ ዘንድሮ ምንም የለንም። ልጆቹ ገና ናቸው። እነዚያማ ተራራ ናቸው።» 39ኙንም ዋንጫ እንዲህ እያሉ ነው የሰበሰቡት።

ፈረንጅ ጋዜጠኛ በዚህ ሊደናገር ይችላል። እኔ ግን «ምንም አልሠራሁም እኮ፣ እንዲያው ቅመሱ» ብላ ዶሮውን፣ ክትፎውን፣ አልጫውን የምትደረድር እናት ያሳደገችኝ ልጅ ነኝ። ሰምና ወርቅ አይጠፋኝም። «ጥሩ ቡድን ናቸው» ሲሉ «እንቀብራቸዋለን» ማለት ነው። «ዳኛውም ሰው ነው» ማለት ዳኛው ሰው አይደለም ማለት ነው። «ዋናው መጫወቱ ነው» የሚለው ደግሞ ከሐሙስ ጀምሮ እንቅልፍ ያልወሰደው ሰውዬ ነው።

ክለቡ የአጥቢያው ነው። የጌሊክ ስፖርት ማኅበር ተርለስ በምትባል ከተማ በ1884 ተመሠረተ። እስከ ዛሬ ለተጫዋች ደመወዝ አይከፍልም። ተጫዋች አይሸጥም፣ አይገዛም። የተወለድክበት አጥቢያ ከደከመ አብረህ ደክመህ ትኖራለህ። ዴቪድ ክሊፎርድን የሚያህል፣ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ደጋግሞ የተሸለመ ሰው፣ በ2022 ደብሊን ክሮክ ፓርክ ውስጥ በ80 ሺህ ሰው ፊት ዋንጫ ካነሳ በኋላ ወደ መንደሩ ወደ ፎሳ ተመልሶ ከጎረቤቶቹ ጋር በጁኒየር ተሰልፏል። በጃንዋሪ 2023 የአገሪቱን የጁኒየር ክለቦች ዋንጫ ወሰዱ። ጁኒየር ማለት ታዳጊ ማለት እንዳይመስላችሁ። የታችኛው ዲቪዚዮን ማለት ነው። የእኛም ክለብ እዚያው ነው። በረኛችን ጁኒየር ነው፤ ልጁን ድሮ ድሯል።

ደመወዝ ባይኖርም ወጪ አለ። ለሱ ሎተሪ አለ። በየሳምንቱ መጠጥ ቤቱ ውስጥ ይወጣል፤ እኔም ሳላሰልስ እቆርጣለሁ። እቁብ ቢሆን ቢያንስ አንድ ቀን ይደርስሃል።

ከድልድዩ ማዶ ሌላ አጥቢያ አለ። ስሙን አልጠራም። እኛ ሰፈርም አይጠራም፣ «እነዚያ» ነው የሚባለው። እንግሊዝ ስንት መቶ ዓመት ገዝታቸው ዛሬ ማታ ማታ የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ እየጮኹ ያያሉ። እነዚያን ግን ጋሼ ልጅ ሳሉ ስለተሰጠች አንዲት ቅጣት ምት ይቅር አላሏቸውም። የጋሼ ባለቤት ከነዚያ ናቸው። አርባ ዓመት አብረው ኖረዋል። ጨዋታ ባለ ቀን እሳቸው ከወንድሞቻቸው ጋር ማዶ ይቆማሉ፤ እቤት ምሳ የለም። ሰው ሲሞት ግን ሁለቱም አጥቢያ ተሰልፎ ለቅሶ ይደርሳል፣ እጅ ይጨባበጣል፣ ሬሳ ሳጥኑ ላይ የሟቹ ማሊያ ይደረጋል። ይኼን ሳይ አገሬ ያለሁ መሰለኝ። ንፍሮ ብቻ ነው የቀረው።

በ2025 ደግሞ አዲስ ሕግ መጣ። ከ40 ሜትር ቅስት ውጭ መትተህ ከአግዳሚው በላይ ካሳለፍክ ሁለት ነጥብ። በየአጋማሹ ሜዳ ቢያንስ ሦስት ሦስት ሰው መቅረት አለበት። ዳኛ ላይ ካጉረመረምክ ኳሷ 50 ሜትር ወደ ጎልህ ትጠጋለች። ይህ የመጨረሻው ሕግ አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ቢወጣ ሁላችንም ተገፍተን ተገፍተን ናዝሬት እንደርስ ነበር። ጋሼ ሕጎቹን አንድ በአንድ እየረገሙ አስረዱኝ። «ደግሞም» አሉኝ፣ «ጥፋት የተሠራበት ሰው ቆሞ መምታት የለበትም። ፊሽካ እንደተነፋ ኳሷን ይዞ መሄድ ይችላል። ገባህ?» ገባኝ አልኳቸው። በሰዓቱ የክለቡን ሳንድዊች እየበላሁ ነበር።

ግማሽ ፍጻሜው ከነዚያ ጋር ወጣ። ወሩ መስከረም ነው። አገር ቤት አደይ ፈንድቶ ሰዉ ክረምት ወጣ ብሎ ይዘፍናል፤ እዚህ ክረምቱ አቋርጦ የማያውቅ ስለሆነ ወጣ የሚባል ነገር የለም። ሁለት ልጆቻችን ለዚህች ጨዋታ ሲሉ ከለንደን በአውሮፕላን መጥተዋል። ከጎሉ ግራና ቀኝ ነጭ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌዎች ቆመዋል። መጀመሪያ ሳያቸው የጤና ጣቢያ ሰዎች መስለውኝ ነበር፤ ለካስ የጎል ዳኞች ናቸው። ለነጥብ ነጭ፣ ለጎል አረንጓዴ ባንዲራ ያነሳሉ።

ጨዋታው ተጀመረ። መምህሩን የድሮ ተማሪው በክርን አለው። የባንኩን ሥራ አስኪያጅ ብድር የከለከለው ሰውዬ ጭቃ ውስጥ አስተኛው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የሚለውን የእኛን ተረት ለጎኔ ሰው ተርጉሜ ብነግረው በጣም ወደደው። (እነሱም በዱላ የሚጫወቱት ኸርሊንግ የሚባል ጨዋታ አላቸው። የገጠር የገና ተጫዋች አምጥቼ ባሳየው «የኛን ማን አስተማራቸው?» ማለቱ አይቀርም።)

ሦስት ደቂቃ ሲቀር ሰሌዳው 0-15 ለ0-13 ይላል። ከሰረዙ በፊት ያለው ጎል ነው፣ በኋላ ያለው ነጥብ። ማንም ጎል አላገባም፣ እኛ በሁለት ነጥብ እየመራን ነው። ተከላካያችን የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ሙያው የሚያፈስ መዝጋት ነው። የነዚያን አጥቂ ማሊያ ያዘው። ፊሽካ ተነፋ። ተከላካያችን ወደኔ ዞሮ በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ውሃ!

ሮጥኩ። ያን ቀን እንዴት እንደሮጥኩ! ኃይሌ ቢያየኝ ያጨበጭብልኝ ነበር። ጋሼም ማክሰኞ ማታ ያላዩትን አዩ። ጠርሙሱን ሰጠሁት። አንገቱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ ማንቆርቆር ጀመረ። በዚህ ጊዜ በጎናችን ነፋስ የመሰለ ነገር አለፈ። ያ አጥቂ ነው። ኳሷን ይዞ ሄደ። ተከላካያችን ጉንጩ ውሃ እንደሞላ፣ እኔ ክዳኑን እንደያዝኩ፣ ሁለታችንም ጀርባውን አየን።

ሽማግሌው አረንጓዴውን ባንዲራ አነሱ።

1-13 ማለት 16 ነው። እኛ 15። ለዚህች ስሌት ሰሌዳ አላስፈለገኝም።

ማንም አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «የራ፣ አንተ ምን አጠፋህ» አለኝ አሰልጣኙ፣ ዓይኔን ሳያይ። «የራ፣ ደግነትህ እኮ ነው» አለችኝ ባለሱቋ፣ መልሱን ጠረጴዛው ላይ እየወረወረች። ጋሼ ለስምንት ቀን ስለ አየር ጠባይ ብቻ አወሩኝ። ወርቁን እየፈታሁ እቤቴ ተቀመጥኩ።

ነገሩ በዚህ ያልቃል ብዬ ነበር። የኬሪን ሥርዓት ግን በደንብ አላውቀውም ነበር። ትንንሾቹ ክለቦች ለትልቁ የአውራጃ ዋንጫ፣ ለቢሾፕ ሞይኒሃን ዋንጫ፣ ብቻቸውን አቅም የላቸውም። ስለዚህ የአንድ አካባቢ ክለቦች ተዋጥተው አንድ ቡድን ይሠራሉ። ኢስት ኬሪ የሚባለው ጥምር በ2019፣ በ2020፣ በ2022 እና በ2023 ወስዶታል። ዋንጫው ብቻ አይደለም፤ በልማድ አሸናፊው የኬሪን አምበል ይሰይማል። በ2025 ሳም ማጓየርን ያነሳው ጋቪን ዋይት አምበልነቱን ያገኘው ክለቡ ዶክተር ክሮክስ በ2024 የአውራጃውን ዋንጫ ስለወሰደ ነው።

እንግዲህ በሁለተኛው ሳምንት እኛና እነዚያ አንድ ማሊያ ለበስን። የቧንቧ ሠራተኛውና ያ አጥቂ ጎን ለጎን ጫማቸውን ያስራሉ። አንዱም ትንፍሽ አይልም። የመኪና ማቆሚያው እንኳ በሁለት ተከፍሏል።

እኔን ማን እንደጠራኝ መጀመሪያ አላወቅሁም። አሰልጣኛችን በእርግጥ አይደለም። ለካስ እነዚያ ናቸው። «ያ የውሃው ልጅ ካልመጣ አንጫወትም» ብለዋል አሉ።

ከጨዋታው በፊት ያ አጥቂ መጥቶ ጠርሙሱን ከእጄ ወሰደ። ግማሹን ጠጣና አፉን በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ በአገጩ ወደ ተጋጣሚ ተከላካዮች አመለከተኝ።

«የራ» አለኝ፣ «በጣም የጠማቸው ይመስላሉ።»