እርማት፦ ሎጌይን ጦር መምራት አቅቶት አይደለም

ወንድሜ፣ ትናንት ቱሉ ዲምቱ ጌም ቤት ተቀምጠን ስለ ድራጎን ኤጅ ኦሪጂንስ ጌም ስናወራ፣ ስለ ንጉሡ ጦር አዛዥ ስለ ሎጌይን «ንጉሡ ኦስታጋር ውጊያ ላይ የሞተው ሎጌይን ጦር መምራት ስለማይችል ነው» ያልከው ትክክል አይደለም። ሰፈራችን ውስጥ ብዙ ልጅ እንዲህ ስለሚል ዝም ማለት አልቻልኩም። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣውን ይህን ጌም እንደገና ክፈተውና ከውጊያው በፊት ያለውን ምክክር ረጋ ብለህ ስማው። ንጉሥ ኬይላን ግንባር ላይ እንዳይሰለፍ የተከራከረው ራሱ ሎጌይን ነው፤ ንጉሡ ግን ጭራቆቹን ከሚዋጉት ልዩ ተዋጊዎች፣ ከግሬይ ዋርደኖች ጋር ካልቆምኩ አለ።

ኋላ በኢሻል ግንብ ላይ፣ ሎጌይን ጦሩን ይዞ ወደ ውጊያው እንዲገባ የሚነግረው የምልክት እሳት በራ። ሎጌይን እሳቱን አይቶ ነው የበታች መኮንኑን ኮትሪንን «ጦሩን መልሺ» ያላት! ስለ ንጉሡ ስትጠይቀው እጇን ጨብጦ ትእዛዙን አጠበቀ። ይሄ አስቦበት ያደረገው ነው፤ ለዚያውም ቀድሞ በዴን ወንዝ ጦር መርቶ ያሸነፈ ጀግና።

ድክመቱን ከፈለግህ ከዚያ በኋላ ፈልገው። የንጉሡን ሞት በዋርደኖች አሳበበ፣ መኳንንቱን እርስ በርስ አዋጋ። የጭራቆቹን መሪ አርክዲመኑን ለዘለቄታው መግደል የሚችሉት ዋርደኖች ብቻ ሆነው ሳለ እነሱኑ አሳደደ። የዴኔሪም ከተማ ኤልፎችን ለባሪያ ነጋዴ መሸጡን ግን እኔ ድክመት ብዬ አልጠራውም፤ ክፋት ነው።